መስታወት ያልቀባው ድራም

ልብስ ሰፊዋ ወንድሟ መሞቱን ያወቀችው ስቱኮ ዝም በማለቱ ነው።

ስቱኮ የወንድሟ የሥራ ባልደረባ ነው፤ ሁለቱም መኪና ቀቢዎች ናቸው። ቅጽል ስሙን ያወጣለት ጋራዡ ነው። ስቱኮ የሚባለው የጎደጎደ የመኪና አካል እስኪሞላ የሚለጠፍበት ሊጥ መሰል ነገር ነው፤ ሰውዬውም ጨዋታ መሃል ክፍተት ካገኘ ሳይሞላ አያልፍም። ለቅሶ ቤት ገብቶ እንኳ ሰው ያስቃል። ያን ቀን ረፋዱ ላይ ግን ስፌት ቤቷ በር ላይ ቆሞ፣ ቆቡን በሁለት እጁ ጨምድዶ፣ የገዛ ጫማውን ያይ ነበር እንጂ ትንፍሽ አላለም።

እሷ የተማሪ ጉርድ ቀሚስ ላይ ዚፕ እየሰፋች ነበር። ቀና ብላ አየችው። ከዚያ ጎንበስ ብላ ዚፑን እስከ መጨረሻው ሰፋች፤ ክሩን በጥርሷ በጠሰች፤ ቀሚሱን አጣጥፋ ከሌሎቹ ላይ አስቀመጠች።

«የት ነው ያለው?» አለች።

«ጋራዥ። ሐኪም መጥቶ አይቶታል፣ እትዬ። ባልዲ ገልብጦ ተቀምጦ ነበር። የቀባው የመኪና በር እስኪደርቅ የሚጠብቅ መስሎን…»

«ሻርፔን ልልበስ» አለች።

ሲደርሱ በሩ አሁንም በሽቦ ተንጠልጥሎ ነበር። አልደረቀም።

ወንድሟን የጋራዡ ሰው ሁሉ የሚጠራው «መስታወት» ብሎ ነው። እሱ የቀባው በር ላይ ፂም መላጨት ይቻላል ይባል ነበር፤ አንድ ባለታክሲ በውርርድ እውነትም ተላጭቶበታል። እናትና አባታቸው በአንድ ዓመት ውስጥ ተከታትለው ሲሞቱ እሱ አሥራ ስድስት፣ እሷ ሃያ ዓመቷ ነበር። እሷ የእናቷን የስፌት መኪና ይዛ ሥራውን ቀጠለች፤ እሱ ብርጭቆ ወረቀት ይዞ የሰው መኪና መፋቅ ጀመረ። እዚያው ገብቶ እዚያው ሠላሳ ስድስት ዓመት ኖረ። ሌላው ሦስትና አራት ጊዜ ደባልቆ የማያገኘውን ቀለም እሱ አንድ ጊዜ በዓይኑ አይቶ ያገኘዋል። «ነጭ ብቻውን አሥራ አንድ ዓይነት ነው» ሲላት፣ «እኔ የማውቀው ሁለት ነው፤ የታጠበና ያልታጠበ» ትለው ነበር።

አላገባም። ሰው ስለ ትዳር ሲያነሳበት «ቀለሜ መች ደረቀና» እያለ ያልፋል። ሃምሳ ሲሞላው «አሁንስ?» ብትለው «አሁንማ ተሰነጣጠቀ» አላት። አባታቸው በተዉላቸው ባለሁለት ክፍል ቤት አብረው ኖሩ። አንዱ ክፍል የእሷ፣ አንዱ የእሱ ነበር፤ ድራሙ እስኪመጣ ድረስ።

የድራሙ ነገር የጀመረው በጆሮ ነው። ጋራዡ ከኋላው ከአንድ የሙዚቃ አዳራሽ ጋር በግድግዳ ይዋሰን ነበር። ባንዱ ከሰዓት በኋላ ይለማመዳል፤ ግድግዳው ብሎኬት ስለሆነ ጊታሩም ዘፈኑም አያልፍም፤ የሚያልፈው ድራሙ ብቻ ነው። መስታወት በሩን የሚፍቀው በዚያ ምት ነበር። ፈጠን ያለ ዘፈን ሲሆን ሥራ ቶሎ ያልቃል፤ ለስላሳ ሲሆን አለቃው ይቆጣል። የመቺውን ፊት አይቶ አያውቅም። ግን እራት ላይ ተቀምጦ «ዛሬ ሰውዬው ከማን ጋር እንደተጣላ እንጃ» ይላታል። በማግስቱ ደግሞ «ታርቀዋል» ይላል። የማያውቁትን ሰው እንደ ዘመድ ሲያወሩት ነው የኖሩት።

አዳራሹ በኋላ ተዘጋና የጎማ መጋዘን ሆነ። ዓመታት አለፉ። አንድ ቀን አንዲት ነርስ መኪናዋን ልታስቀባ መጥታ፣ «የኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ ያለውን ብረታ ብረት አታውጡብኝ፤ የአባቴ ነው» አለች። መስታወት ከፍቶ አየ፤ ድራም ላይ የሚንጠለጠለው የነሐስ ሲምባል ማቆሚያ ነበር። አባቷ ማን እንደሆኑ፣ የት ይመቱ እንደነበር ጠየቃት። ነገረችው። ያን ማታ እራቱን አልበላም።

«አመመህ እንዴ?» አለችው እህቱ።

«ሰውዬው አሉ» አላት። «በሕይወት አሉ፣ እትዬ። ድራሙን ሰው እንዲወስድላቸው ይፈልጋሉ።»

እሁድ ጠዋት ይዟት ሄደ። ለምን እንደወሰዳት እስከ ዛሬ አታውቅም፤ ምናልባት ብቻውን መሄድ ፈርቶ ይሆናል። ሽማግሌው በፒጃማ ላይ ኮት ደርበው በሩን ከፈቱ። አልጋቸውና ድራሙ አንዲት ክፍል ውስጥ ተጨናንቀው ነበር፤ ነርሷ ልጃቸው ደግሞ ሦስተኛ ልጇን ልትወልድ ስለደረሰች ክፍሉን ትፈልገው ነበር። በእግር የሚመታው ትልቁ ከበሮ፣ ሁለት መካከለኞች፣ በእግሮቹ የቆመ አንድ፣ ከታች ሽቦ የተወጠረበት፣ ስኔር የሚሉት ስሱ ትንሽ ከበሮ፣ ሦስት ሲምባሎች። ከበሮዎቹ ጠቆር ያለ ቀይ ናቸው፤ በመስኮቱ በኩል ያለው ጎናቸው ግን ፀሐይ በልቶት ወደ ሻይ ቀለም ሄዷል። ልብስ ሰፊዋ በልቧ «ይሄን ያህል መንገድ የመጣነው ለዚህ ነው?» አለች።

«ከእናንተ በፊት ሦስት ሰው መጥቷል» አሉ ሽማግሌው አልጋቸው ላይ እየተቀመጡ። «አንዱ ባለ ሆቴል ነው። በር ላይ አቁሜ አበባ አስቀምጥበታለሁ አለ። ‹ከበሮ ነው እንጂ ድስት አይደለም› ብዬ ሸኘሁት። ሁለተኛው ብረቱን ኒኬል አስነክሬ፣ ልባሱን ቀይሬ እንደ አዲስ አደርገዋለሁ አለኝ። ‹እኔንስ የት ወስደህ ታስነክረኛለህ?› አልኩት።» ሳቁና ሳላቸው። «ሦስተኛውን ረስቼዋለሁ። የሚረሳ ዓይነት ሰው ነበር።»

መስታወት አልሳቀም። እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ መኪና ሲረከብ እንደሚያደርገው ዙሪያውን በዝግታ ዞረ። ምንም አልነካም።

«ጋሼ፣ ይሄ ምንድነው?»

«ሲጋራ። ዘፋኛችን ናት ያሳረፈችው። አጫሽ እንኳ አልነበረችም፤ ያን ቀን እጮኛዋ ደብዳቤ ጽፎላት ነው።»

«ይሄ ጭረትስ? ደጋግሞ አንድ ቦታ ላይ ነው።»

«ቀለበቴ። ሚስቴ ስትሞት አወለቅኩት፤ ከዚያ ወዲህ አልጨመረም።»

«ይሄ ክቡስ?»

«ሻይ ነው። ጊታር መቺው። ‹አታስቀምጥ› ብለው ብለው… እግዜር ይይለት!»

ሽማግሌው ደስ እያላቸው መጣ። ሰው ጠባሳቸውን ሲጠይቃቸው ደስ የሚላቸው አሉ። በመጨረሻ «ለመሆኑ አንተ ሥራህ ምንድነው?» አሉት።

«ቀቢ ነኝ። መኪና ቀቢ።»

ፊታቸው ጠቆረ። «በል እንግዲህ፣ በሩ ያውልህ።»

«ጋሼ…»

«ቀቢ ድራም ወስዶ ምን ሊያደርግ ነው? ሊቀባዋ!»

«ቀኑን ሙሉ ስቀባ ነው የምውለው» አለ መስታወት። ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር። «ሰው የተጋጨውን፣ ያበላሸውን እያመጣ ‹እንዳልነበረ አድርግልኝ› ይለኛል። አደርግለታለሁ። ቤቴ ስገባ ግን የሆነው ነገር እንደሆነ የተቀመጠበት አንድ ዕቃ ማየት እፈልጋለሁ።»

እህቱ ዘወር ብላ አየችው። ባንድ ትንፋሽ ይሄን ያህል ሲናገር ሰምታው አታውቅም።

ሽማግሌው ብዙ ካሰቡ በኋላ፣ «ገንዘብህን አልፈልግም» አሉ። «ሁለት ነገር ነው። ጠብቀው እንጂ አታድሰው፤ አንዲት ቡሎን እንኳ ሳትቀይር እንዳለ አኑረው። ሌላው፣ ክንዴ እስካልዛለ ድረስ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት እየመጣሁ እመታዋለሁ።»

«ጎረቤትስ?» አለች ልብስ ሰፊዋ ሳታስበው።

«ጎረቤት ይለምዳል፣ ልጄ። ሚስቴም ለምዳ ነበር።»

ድራሙ መኝታ ቤቱን ሞላው። የመስታወት አልጋ ወደ እሷ ክፍል ተሻግሮ ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ገባ። «ድራሙ መኝታ ቤት አለው፤ ጌታው የለውም» እያለች ለጎረቤት ትቀልድበት ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት ሲደርስ ሽማግሌው በልጃቸው መኪና ይመጣሉ፤ ኮታቸውን አውልቀው ለእሷ ይሰጣሉ፤ አንድ ሰዓት ያህል ይመታሉ። የአጥር ጎረቤታቸው፣ ጆሮዋ ትንሽ ከበድ ያለ ባልቴት፣ «ዛሬም ጣሪያ እያሠራችሁ ነው?» ትላለች። መስታወት ግድግዳውን ተደግፎ መሬት ላይ ይቀመጥና ዓይኑን ይጨፍናል። አንድም ቀን ዱላውን አንስቶ አያውቅም። ሽማግሌው «ና ሞክር እንጂ!» ሲሉት «እኔ ጆሮ ነኝ ጋሼ፣ እጅ አይደለሁም» ይላቸዋል።

ሦስት ዓመት እንዲህ አለፈ። ከዚያ ሽማግሌው ቅዳሜ መምጣት አቆሙ፤ ብዙም ሳይቆዩ ሞቱ። ድራሙም ዝም አለ። ጥበቃው ግን አልቆመም።

ለመስኮቱ ወፍራም ጥቁር መጋረጃ አሰፋት፤ ያውም ከጀርባው ገበር ያለው። ክፍሉን ራሱ ይጠርጋል፤ ማንም እንዲጠርግለት አይፈልግም። አቧራውን የሚያነሳው እሷ በምትሰጠው የጥጥ ቁርጥራጭ ነው፤ ደረቅ ሆኖ ብዙ ጊዜ የታጠበ መሆን አለበት። ሙቀት ሲበረታ ቆዳዎቹን የሚወጥሩትን ቡሎኖች ሩብ ዙር ያላላል፤ ዝናብ ሲገባ መልሶ ያጠብቃል። ጋራዡ በዘይት ዓይነት የተሞላ ሆኖ ሳለ እሱ ለቡሎኖቹ የሚያምነው የእሷን የስፌት መኪና ዘይት ብቻ ነበር። «እትዬ፣ አንዲት ጠብታ» እያለ ጣቱን ዘርግቶ ይመጣል። አንዴ የአንደኛው መካከለኛ ከበሮ ቆዳ ተሰነጠቀ። አዲስ ቆዳ የሚሸጥ ሰው ቤት ድረስ መጣ። መስታወት ሻይ ጋብዞ ሸኘው።

«ታዲያ ተሰንጥቆ ሊቀር ነው?» አለችው።

«ተሰንጥቆ ይቀራል።»

«ሱሪህ ሲቀደድ ግን ወደ እኔ ትሮጣለህ።»

«ሱሪዬን ማን መታው?» አለ።

ከመሞቱ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ደረቱን አሞት ሆስፒታል ተኝቶ ነበር። የቀለሙ ጭስ ነው አሉት፤ ሥራውን እንዲተው ነገሩት፤ እሺ ብሎ ወጥቶ በሳምንቱ ጋራዥ ተመለሰ። እሱ ተኝቶ ሳለ እሷ ምን ላድርግለት እያለች ስትጨነቅ ሰነበተች። ልብሱን አጠበች፤ ፍራሹን አናፈሰች፤ ጫማውን አስጠገነች። ሥራ ሲያልቅባት ወደ ድራሙ ክፍል ገባች። ትልቁ ሲምባል የጨለመ፣ የተዥጎረጎረ ሆኖ ታያት። እሷ «ሳህኑ» ነው የምትለው። ጓዳ ውስጥ ያለውን የነሐስ ሳህን የምታጸዳው በሎሚና በአመድ ነው፤ ይሄንንም በሎሚና በአመድ ያዘችው። ክንዷ እስኪዝል ፈተገችው። ግማሹ እንደ ወርቅ አበራ። ግማሹን ለነገ ብላ ተወችው፤ በማግስቱ ግን ሆስፒታሉ ካሰበችው ቀን በፊት ለቀቀው።

ገብቶ አየው። የበራውንና የጨለመውን የሚለየውን መስመር በዓይኑ ተከተለ።

«አበራሽው» አላት።

«ሎሚ አልቆብኝ ነው እንጂ…»

«እጅሽ ይባረክ፣ እትዬ።»

ልቧ ሞላ። ጎረቤት ለጎረቤት እየዞረች «ከሆስፒታል ሲመለስ ደስ አሰኘሁት» አለች። ከዚያ በኋላ ሎሚ በገዛች ቁጥር «ግማሹን ልጨርስልህ?» ትለዋለች። እሱም «ይቆይ እትዬ፣ ሌላ ጊዜ» ይላታል። ድካሟን አስቦ ነው ብላ ታምን ነበር።

ከቀብሩ በኋላ በሦስተኛው ቀን ስቱኮና አራት ቀቢዎች ቤት መጡ። ለብዙ ሰዓት ተቀምጠው ስለ መስታወት ተጫወቱ፤ ስቱኮ አፉ ተፈቶ ስለነበር ባለታክሲው ፂሙን የተላጨበትን ቀን ሁለት ጊዜ አወራው። ከዚያ የድራሙን ክፍል ከፍተው አዩ። እርስ በርሳቸው ተያዩ።

«እትዬ፣ ይሄማ ነውር ነው» አለ ስቱኮ። «ለአገሩ ሁሉ ሲቀባ የኖረ ሰው የራሱ ዕቃ እንዲህ ተቧጭሮ ይቀራል? ሸክላ ሠሪ በገል ይበላል የተባለው ለእሱ ነው። ጊዜ አጥቶ እንጂ…»

«ልባሱን እናወልቀዋለን» አለ ሌላው። «ቀዩን እኔ አወጣዋለሁ። የመጀመሪያውን ቀይ።»

«ሰባት እጅ ቀለም» አለ ስቱኮ። «እንደ እሱ ባይሆንም መስታወት እናደርገዋለን። መታሰቢያው ይሁን። ለኛ ሲል ትቶት የነበረውን እኛ ብናደርግለት ምን ይለናል? እሺ ይበሉን።»

ዓይናቸው ቀልቶ ነበር። ሠላሳ ዓመት አብረውት በአንድ ጭስ ውስጥ የኖሩ ሰዎች ናቸው። «እንዳለ አኑረው» የሚለው የሽማግሌው ቃል በዚያች ሰዓት ጨርሶ ትዝ አላላትም። ትዝ ያላት ሌላ ነገር ነው።

«እሺ፣ ውሰዱት» አለች። «ሳህኑንም ጨርሱልኝ። ግማሹ ነው የቀረው።»

እንዳገኙት ፈታትተው፣ በብርድ ልብስ ጠቅልለው፣ ጭነው ሄዱ።

በማግስቱ ጠዋት ባዶውን ክፍል ወለሉን አጠበች። መቀመጥ ስላልቻለች ነው ያጠበችው። ጥግ ለጥግ በብሩሽ ፈግፍጋ፣ ውሃውን ጠርጋ አውጥታ ቀና ስትል፣ ትልቁ ከበሮ ይቆምበት ከነበረው ስፍራ ጀርባ ግድግዳው ላይ አንድ ወረቀት ተለጥፎ አየች። ቀቢዎች የመኪና መስኮት ሲሸፍኑ በሚጠቀሙበት የወረቀት ፕላስተር አራቱም ጥግ ተይዟል።

ወረቀቱን ታውቀዋለች። ጋራዡ መኪና ሲረከብ የሚሞላው ነው። ላይ የመኪና ሥዕል አለበት። መኪናው ሲገባ ያለበት ጭረትና ስርጉድ ሁሉ ሥዕሉ ላይ ይከበባል፤ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ከታች ምክንያቱ ይጻፋል፤ አስረካቢና ተረካቢ ይፈርማሉ። በኋላ ባለቤቱ «ይሄ አልነበረም» እንዳይል ነው። የጋራዡ ሕግ ደግሞ አንድ ነው፤ ባለቤቱ ያላዘዘውን ጭረት ማንም አይነካም። መስታወት የተበላሹ ወረቀቶችን ያመጣላት ስለነበር የደንበኞቿን ልክ የምትጽፈው በጀርባቸው ነው።

እዚህኛው ላይ የመኪናው ሥዕል በእርሳስ ተሰርዞ ከበሮዎቹ አንድ በአንድ ተስለዋል። ከታች የወንድሟ ደቃቅ ጽሑፍ ነበር። «1፦ ትንሹ ከበሮ፣ ጎኑ ላይ። ሲጋራ። ዘፋኟ፣ ደብዳቤ የደረሳት ቀን።» «2፦ እዚያው። የጋሼ ቀለበት። ባለቤታቸው በሕይወት ሳሉ።» «3፦ ሻይ። ጊታር መቺው።» እስከ አሥራ ስድስት ድረስ የሽማግሌው ታሪክ ነው፤ ከሥሩ የሽማግሌው የሚንቀጠቀጥ ፊርማ፣ ከጎኑ የወንድሟ። ከፊርማው በታች ደግሞ በሌላ እስክሪብቶ ሁለት መስመር ተጨምሯል።

«17፦ መካከለኛው ከበሮ፣ ቆዳው። በሙቀት። የእኔ ጥፋት፤ ሳላላላው ዘግይቼ።»

«18፦ ትልቁ ሲምባል፣ ግማሹ። እህቴ በሎሚ አጠበችው። ሆስፒታል ሳለሁ፣ ላስደስተው ብላ። እንዳለ ይቆይ።»

እርጥቡ ወለል ላይ ተቀመጠች። ቀሚሷ እስኪርስ ድረስ ተቀምጣ አሥራ ስምንተኛውን ደጋግማ አነበበችው። ከዚያ ፕላስተሩን በጥንቃቄ ላጠች፤ ወረቀቱን ደረቷ ውስጥ ከተተች፤ ወጣች። ጋራዡ በእግር ሃያ አምስት ደቂቃ ነው። በስንት እንደደረሰች አታውቅም፤ ስትገባ ግን የቤት ነጠላ ጫማዋን እንዳደረገች ነበር።

ስቱኮ ትንሹን ከበሮ ጭኑ ላይ አስተኝቶ በብርጭቆ ወረቀት እየፋቀ ነበር። ጥግ ላይ አንዱ ሲምባሉን በማሽን ሊወለውል የማሽኑን ጨርቅ እየቀየረ ነው።

«ስቱኮ፣ ተው!» አለች። «አንተም ተው፤ አስቀምጠው!»

«ምነው እትዬ? ምን ሆኑ? ውሃ ስጧቸው!»

«ውሃ አልፈልግም። ይሄን አንብብ።»

ስቱኮ እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ ወረቀቱን ተቀበለ። ሌሎቹ በትከሻው ላይ አሻግረው አዩ። የገዛ ወረቀታቸው ስለሆነ ማንም ምን እንደሆነ አልጠየቀም። ስቱኮ አንድ በአንድ ጣቱን እያስኬደ አነበበ፤ ከዚያ ጭኑ ላይ ያለውን ከበሮ አዞረው። አንድ መዳፍ የሚያህል ቦታ ነጥቶ፣ እንጨቱ ወጥቷል። የሲጋራው ጠባሳ የለም። የቀለበቱ ጭረት ግማሹ የለም።

«አንድና ሁለት» አለ። «እትዬ… አንድና ሁለትን ፍቄያቸዋለሁ።»

«አየሁት።»

«ያንኑ ቀለም አገኝልዎታለሁ። ጠባሳውን በብሩሽ ጫፍ እንደነበረ እሠራዋለሁ፤ እሱ ራሱ ቢነሳ አይለየውም።»

«እሱ ይለየዋል» አለች።

ስቱኮ ተሟገተ። «ገላጣ ሆኖ ሊቀር ነው እኮ! ሰው ሲያየው ምን ይላል?»

«ምን ሆኖ ነው ይላል። ያኔ ይነገረዋል። ወረቀት አምጣ።»

አዲስ የመረከቢያ ወረቀት መጣ። የሞተር መክደኛ ላይ ዘርግተው፣ ከበሮዎቹን እንደገና አንድ በአንድ እያዩ ሞሉት። ያለው ሁሉ ከፊተኛው ወረቀት ተገለበጠ፤ የጠፋው «ነበረ» ተብሎ ተጻፈ። አሥራ ዘጠኝ፣ የተፋቀው ቦታ ላይ ሲደርሱ ስቱኮ እስክሪብቶውን አነሳ።

«ምክንያት ምን ልበል? ‹ስቱኮ ቸኩሎ› ልበል?»

«እሺ ያልኩት እኔ ነኝ።»

«የለመንኩት እኔ ነኝ። ‹ቸኩሎ› እላለሁ።»

«እኔ ባለቤቱ ነኝ፤ የምልህን ጻፍ» አለች። ትንሽ አሰበች። «‹ሳይጠይቁ› በል።»

«እሱ ብቻ?»

«እሱ ብቻ።»

ጻፈ። እሱ በአስረካቢ ቦታ ፈረመ፤ እሷ በተረካቢ። ከሰዓት በኋላ ድራሙ በዚያው ብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ቤት ተመለሰ። ስቱኮ መንገዱን ሙሉ ሲምባሉን ጭኑ ላይ ይዞ፣ እንቅፋት ባለበት ሁሉ ሾፌሩን «ቀስ በል አንተ፣ እንቁላል ነው የጫንከው!» እያለ ሲጮህ መጣ።

ክፍሉ ውስጥ ካስገቡት በኋላ ግን ተያዩ። የትኛው ከየትኛው ጎን ነበር? ሲምባሎቹ ምን ያህል ከፍ ይላሉ? ስቱኮ ትልቁ በቀኝ ነው አለ፤ ሌላው በግራ አለ፤ ሦስተኛው እግሮቹን ሲፈታ ልብ እንዳላለ ተናዘዘ። እሷም ስታልፍ ስታገድም ታየው ነበር እንጂ አቋቋሙን ልብ ብላው አታውቅም። ወረቀቱ ላይ ከበሮዎቹ ለየብቻ ነው የተሳሉት። ወለሉ ላይ የእግሮቹ ምልክት ሳይኖር አይቀርም ነበር፤ እሱንም ጠዋት በብሩሽ አጥባዋለች።

«በግምት እናቁመው?» አለ ስቱኮ። «ካላማረ እንለውጠዋለን።»

«በግምት አይሆንም» አለች። «የነርሷን ስልክ ፈልግልኝ። ምናልባት ፎቶ ይኖራት ይሆናል።»

ነርሷ ስትገኝ አንድ ፎቶ አላት፤ አባቷ እየሳቁ፣ ዱላቸው በአየር ላይ። የሚታየው ከደረታቸው በላይና የአንድ ሲምባል ጠርዝ ነው። ሌላ ፎቶ ካለ ቤት ውስጥ ፈልጌ አመጣለሁ ብላለች።

ወረቀቶቹ ሁለቱም ግድግዳው ላይ ናቸው። ቡሎኖቹን ሙቀቱ ሲመጣ ሩብ ዙር አላልታለች፤ በራሷ ዘይት። መጋረጃው ተዘግቷል። ከበሮዎቹ በብርድ ልብሱ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ ማቆሚያዎቹ ግድግዳ ተደግፈዋል። ድራሙ እስካሁን አልተተከለም።